ትንኟ ውሸት አያስፈልጋትም



በየጊዜው በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዞር አንድ መልእክት አለ። ብዙዎቻችሁ ሳይደርሳችሁ አልቀረም፤ ምናልባት ለቤተሰብ ግሩፕም አስተላልፋችሁታል። በጣም ቀርቦ የተነሳ የትንኝ ፎቶ አለው። ከሥሩ «ትንኝ 100 ዓይን፣ 48 ጥርስና 3 ልብ አላት» ይላል። ቀጥሎ ጀርባዋ ላይ በዓይን የማትታይ ሌላ ፍጡር እንዳለች ይነግረንና በሱረቱል በቀራ 26ኛ አንቀጽ አላህ የጠቀሳት እሷን ነው ብሎ ይደመድማል። «ሱብሓነላህ ሳትል እንዳታልፍ» የሚለው ማሳረጊያውም አይቀርም።

ሱብሓነላህ ማለቱ መልካም ነው። የተነገረው እውነት መሆን አለመሆኑ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ከአንቀጹ እንጀምር። አላህ (ሱ.ወ) ትንኝንም ሆነ ከበላይዋ ያለውን ምሳሌ አድርጎ ለመጥቀስ እንደማያፍር ያስታውቀናል። በሸረሪትና በዝንብ ምሳሌ መሰጠቱን ያቃለሉ ሰዎች ነበሩና መልሱ ለእነሱ እንደሆነ ሙፈሲሮች ያወሳሉ። «ከበላይዋ» ስለሚለው ቃል ኢብኑ ከሢር ሁለት አስተያየቶችን አስቀምጠዋል፦ አንዱ በአካል ከእሷ የሚተልቅ፣ ሌላው ደግሞ በትንሽነት ከእሷ የሚብስ ማለት ነው የሚል ነው። ጀርባዋ ላይ ስለተቀመጠች ፍጡር የሚያወራ አስተያየት ከሁለቱም ውስጥ የለም።

የሚገርመው ግን ፎቶው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። መዥገር የሚመስሉ ጥቃቅን ቀያይ የውሃ ተባዮች በጨቅላነታቸው ትንኝ ላይ ተጣብቀው ይመገባሉ፤ በማክሮ ሌንስም ይታያሉ። ፎቶው የታየውን ያህል አሳየ። ያልተባለውን ቁርኣን ላይ የጫነው ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ነው።

ዓይኖቿ ደግሞ መቶ ሳይሆኑ ሁለት ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ሌንሶች የተገጣጠመ ነው። ልቧ አንድ ነው፤ እንደኛ ልብ ሳይሆን በጀርባዋ በኩል የተዘረጋ ረጅም ቱቦ ነው። ቆዳችን ላይ የምትሰካው አንድ መርፌ የሚመስለው ነገር ቀርበው ሲያዩት በአንድ አፎት ውስጥ የተሰደሩ ስድስት ቀጫጭን መርፌዎች ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ እንደ መጋዝ ይቆርጣሉ፣ ሁለቱ የተቆረጠውን ከፍተው ይይዛሉ፣ አንዱ ምራቋን ያስገባል፣ አንዱ ደሙን ይስባል። የምትነድፈውም ለእንቁላሏ ደም የሚያስፈልጋት ሴቷ ብቻ ናት። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚህ ላይ ሦስት ልብ መጨመር ምን ይፈይዳል?

ለጅማ ሰው ደግሞ ይህ ከወሬም በላይ ነው። በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወባን ሲያጠኑ ኖረዋል፤ ክረምቱ አልፎ ቡና መለቀም ሲጀምር ወባም እንደምትነሳ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ግድግዳ ላይ ያረፈችን ትንኝ በስልካችሁ አቅርባችሁ ብታነሷት ወባ የምታስተላልፈው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ጭራዋን ወደ ላይ አንስታ ሰውነቷን አዘንብላ ትታያለች። ሌሎቹ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆነው ያርፋሉ። ይህን ለጎረቤት ማሳየት የ«48 ጥርስ»ን ወሬ ከመላክ ይሻላል፤ የአጎበሩን ነገርም ያስታውሳል።

አንዳንዱ ወንድም «ኢማን እስከጨመረ ድረስ ምን ችግር አለው?» ይላል። ችግር አለው። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ መንደሩ ውስጥ ደረሳ የነበረ አንድ ልጅ አስቡ። ላቦራቶሪ ገብቶ የትንኝን አካል በማይክሮስኮፕ ያያል። ልቧ አንድ ነው። ያን ጊዜ የሚወድቀው መልእክቱን የጻፈው ማንነቱ የማይታወቅ ሰው አይደለም፤ ልጁ የሚጠይቀው «ቁርኣን ነው ብለው የነገሩኝ ሌላውስ?» ብሎ ነው። ጥያቄውን ይዞ ወደ ኡስታዝ የሚመጣው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ዝም ብሎ ይርቃል። እኛ በአንድ ጣት የላክነው ነገር የሰው ልጅ ዲን ላይ ስንጥቅ ይተዋል። በሱረቱል ኢስራእ 36ኛ አንቀጽ የማናውቀውን እንዳንከተል ታዘናል፤ መስሚያም፣ ማያም፣ ልብም እንደሚጠየቁ ተነግሮናል። ማያ ከሚጠየቁት አንዱ ነው። ንብ ክንፍ ላይ የአላህ ስም ተጽፎ ታየ እየተባሉ የሚለጠፉት፣ ዛሬ ደግሞ በኤአይ የሚሠሩት ምስሎችም ከዚሁ ይቆጠራሉ።

ተዓምር ፈላጊ ከቤቱ ጓሮ ያለው ይበቃዋል። ጫፏ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብስ ያለባትን የቡና ፍሬ ፈልጋችሁ ሰንጥቋት። ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ ጥቁር ጢንዚዛ ከነልጆቿ ታገኛላችሁ። ወንዶቹ መብረር ስለማይችሉ እዚያው ፍሬ ውስጥ ኖረው ይሞታሉ፤ የሚወጡት ሴቶቹ ናቸው። ካፌይን ቡና ራሱን ከነፍሳት የሚከላከልበት መርዝ ሆኖ ሳለ ይህች ፍጡር የምትኖረው እሱ ውስጥ ነው። በ2015 የታተመ ጥናት ምስጢሩን አገኘው፦ ሆዷ ውስጥ ካፌይኑን የሚሰባብሩላት ባክቴሪያዎች አሉ። በመድኃኒት ሲጠፉባት ካፌይኑን መቋቋም አቃታት።

ያው ካፌይን አበባው ውስጥ ሌላ ሥራ አለው። በ2013 በወጣ ጥናት በጣም ጥቂት ካፌይን ያለበት ጣፋጭ የቀመሱ ንቦች ሽታውን ከአንድ ቀን በኋላ የማስታወስ ዕድላቸው ካልቀመሱት ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። የቡና አበባ ወለላም ካፌይን አለበት። እንግዲህ አንዱ ዛፍ በአንድ ቅመም ፍሬውን ከጠላት ይጠብቃል፣ ወዳጁንም አድራሻውን ያስታውሰዋል። የጌራ ጫካ ማር የምትወዱ ሰዎች ነገሩን ቡናችሁን ፉት እያላችሁ አስቡት።

ፎቶ ማንሳትን በተመለከተ ዑለማዎች ያላቸው ልዩነት ይታወቃል፤ ዛሬ ወደዚያ አልገባም። የሚያነሳው ሰው ግን አደብ አለው። ነፍሳትን ፍሪጅ ውስጥ አደንዝዘው፣ እግራቸውን በሙጫ ለጥፈው፣ ቀንድ አውጣ ላይ እንቁራሪት አስቀምጠው «በተፈጥሮ ያገኘሁት» ብለው የሚለጥፉ አሉ። ይህ ግፍም ውሸትም ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ያለውን ፍጡር ዒላማ የሚያደርገውን ረግመዋል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲሥ ደግሞ ከቀደሙት ነቢያት አንዱ አንዲት ጉንዳን ነክሳው መኖሪያቸውን በሙሉ ሲያቃጥል፣ በአንዷ ምክንያት አላህን የሚያጠራ ሕዝብ አጠፋህ ተብሎ ተወቅሷል። ለአንድ ንክሻ እንዲህ ከተባለ ለላይክ ምን ሊባል ነው?

ስለዚህ ማለዳ ውጡ፤ ሳይሞቃቸው ነፍሳት ቀስ ስለሚሉ ማደንዘዝ አያስፈልግም። ሌንሱ በቀረበ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ስስ ስለሚሆን ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ዓይኗ ላይ አነጣጥሩ። ስትለጥፉ የት እንዳነሳችሁት ጻፉ፤ ስሟን ካላወቃችሁ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው፣ ጠይቁ። ያቺን የተበሳች ፍሬ ደግሞ አንስታችሁ ስታበቁ ማሳው ላይ አትጣሏት፤ ውስጧ ያሉት ሴቶች ወደ ጎረቤት ቡና ስለሚሻገሩ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሯት።

ወላሁ አዕለም።