በነጋዴ ገጽ ላይ ሌላ ሰው ስለ ጻፈው ነገር ማን ይጠየቃል?

እንደሚታወቀው ቀደም ባለው ዘመን የዲላ ነጋዴ የቡናን ዋጋ ለማወቅ ሲፈልግ ወደ ገበያ ሰው ይልክ ወይም ስልክ ቤት ሄዶ ተራ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን ከገደብና ከኮቸሬ አንሥቶ እስከ ወናጎ ያለው አቅራቢ የእሸት ቡናን የዕለት ዋጋ የሚያነበው በእጁ ከያዘው ስልክ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ ነጋድያን፣ ባለ ሱቆችም ጭምር፣ የፌስቡክ ገጽ ወይም የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው ዋጋ ይነግሩበታል፣ ዕቃ ያሳዩበታል፣ ደንበኛም ይጠሩበታል። ይህ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው በሩ ለሁሉ የተከፈተ በመሆኑ ነው፤ ለዋጋ በተከፈተው ገጽ ላይ አንዱ ስለ ተወዳዳሪው ቡና ክፉ ቃል ይጽፋል፣ ሌላው የባለ ዕዳውን ፎቶግራፍ ይለጥፋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ጎረቤት ሕዝብ የማይገባ ነገር ይወረውራል። የገጹ ባለቤትም «እኔ አልጻፍሁትም» ብሎ ይተኛል። ይህ መልስ በሕግ ፊት የሚበቃው መቼ እንደ ሆነ፣ የማይበቃውም መቼ እንደ ሆነ ለነጋድያን ወገኖቻችን መግለጥ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ነው። በአንቀጽ 13 እንደ ተደነገገው የሌላውን ሰው ክብር የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ሥዕል በኮምፒዩተር አማካይነት ያሰራጨ ሰው፣ ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 30 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ይህ የጻፈውን የሚመለከት ነው። ለእኛ ጉዳይ የበለጠ የሚጠቅመው ግን አንቀጽ 16 ነው፤ ይኸውም ሌሎች ሰዎች ስላሰራጩት ነገር አገልግሎት ሰጪው የሚጠየቀው በሦስት ሁኔታዎች መሆኑን ይናገራል። አንደኛው፣ በማሰራጨቱ ወይም ጽሑፉን በማረሙ ሥራ ራሱ በቀጥታ ገብቶ ሲገኝ ነው። ሁለተኛው፣ ጽሑፉ ሕገ ወጥ መሆኑን በእርግጥ ካወቀ በኋላ ሳያነሣው ሲቀር ነው። ሦስተኛው፣ ሥልጣን ካለው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ደርሶት ዝም ሲል ነው።

አዋጁ ይህን የደነገገው ለሌሎች የመገናኛ አገልግሎት ስለሚሰጥ ሰው ነው። የአንድ ሱቅ ገጽ ባለቤት «አገልግሎት ሰጪ» ይባል አይባል በሚለው ላይ ጠበቆች ሊከራከሩበት ይችላሉ። ነጋዴን ግን ከክርክሩ ይልቅ መለኪያው ይጠቅመዋል፤ በእነዚህ በሦስቱ መለኪያዎች ራሱን የመዘነ ባለ ገጽ ወደ ክርክሩ የሚደርስበት አጋጣሚ ጥቂት ነውና።

ከሦስቱ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚገባበት የመጀመሪያው ነው። አንድ ደንበኛ በግል የላከውን ወቀሳ ባለቤቱ ተቀብሎ ፊደሉን ያርማል፣ ርእስ ይጨምርለታል፣ ፎቶግራፍ ያያይዝለታል፣ ከዚያም ሁሉ እንዲያየው በግሩፑ ራስ ላይ ይሰቅለዋል። ከዚህ በኋላ ጽሑፉ የደንበኛው ብቻ አይደለም፤ እርሱም አርሞታል፣ አሰራጭቶታልም። እኛ የነጋዴ ጸሐፊዎች የተጣመመ ዐረፍተ ነገር ስናይ ሳናቃናው ማለፍ አይሆንልንም። ይህ ልማድ ለደብዳቤ መልካም ቢሆንም የሌላ ሰው ወቀሳ በእጃችን ሲገባ መተው ያለበት ልማድ ነው።

ስለ ሁለተኛው መለኪያ ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ማቅረብ ይቻላል። በኤስቶኒያ ዴልፊ የተባለ የዜና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ አንድ የመርከብ ማመላለሻ ኩባንያ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ ራሱ ነውር አልነበረበትም። ከሥሩ ግን አንባቢዎች 185 ያህል አስተያየቶችን ጻፉ፤ ከእነዚህም 20 ያህሉ የኩባንያውን ባለቤት የሚሰድቡና የሚያስፈራሩ ነበሩ። ስድብና ዛቻው ለስድስት ሳምንት ያህል በዚያው ከቈየ በኋላ የባለቤቱ ጠበቆች ሲጽፉ በዚያው ቀን ተነሣ። የአገሩ ፍርድ ቤት ድርጅቱ 320 ዩሮ እንዲከፍል ፈረደ፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 ፍርዱን አጸናው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ክርክሩ ግን ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ባለ ገጹን ሌላ ሰው ለጻፈው ነገር እንደ ተናጋሪ አይቈጥረውም። ስለዚህ ከውጭ አገር የሚመጣ ምክር ሁሉ ለዲላ ነጋዴ አይስማማም፤ የእኛ አዋጅ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው።

አሁን በንግድ ላይ በየቀኑ ወደሚደርሰው ነገር እንለፍ። ስለ ተወዳዳሪ ዕቃ ክፉ መናገርን የከለከለው ሕግ አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2057፣ በሐሰተኛ ማስታወቂያ ወይም ቅን ልቡና በጎደለው በሌላ መንገድ የአንድን ዕቃ መልካም ስም ወይም የአንድን ንግድ ቤት አመኔታ የሚጐዳ ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ደንግጓል። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግም በቁጥር 133 የተወዳዳሪን ስም በሐሰት ማጥፋትን ያልተገባ ውድድር ብሎት ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ይህንኑ ሐሳብ ይዟል።

እንግዲህ በመኸር ጊዜ አንድ ሰው በግሩፑ ላይ «የእገሌ ማጠቢያ ቡና ሻግቷል፣ አትግዙ» ብሎ ጻፈ እንበል። ሌላው ደግሞ «በዚህ ቀን ከዚህ ቤት የገዛሁት አምስት ጆንያ እርጥበቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የተለካበት ወረቀት ይኸው» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ቃል የሚያስቈጣ ቢሆንም ቀን፣ ልክና ወረቀት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2047 የተናገረው ነገር እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው፣ ሆን ብሎ ለመጉዳት ብቻ ያደረገው ካልሆነ በቀር፣ በስም ማጥፋት እንደማይጠየቅ ይገልጻል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ግን የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም። ባለ ገጹ ለጸሐፊው ማስረጃ እንዲያመጣ በጽሑፍ ይጠይቀው፤ እስኪያመጣ ድረስም ቃሉን ያንሣው። የሚጻፈውን ሁሉ ማጥፋት ግን ከንቱ ፍርሃት ነው። ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተጠበቀ መብት ነው፤ ገዢም ስለ ገዛው ዕቃ ቅሬታውን የመናገር መብት አለው፤ ቅሬታ የማይወጣበትንም ገጽ ገዢ አያምነውም።

ስም በቡና ንግድ ላይ ያለውን ዋጋ ለይርጋ ጨፌ ሰው መንገር አያስፈልግም። መንግሥት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ደክሟል፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የነበረውም ክርክር በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አልቋል። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓን በአንዳንድ ጭነት ላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት ማግኘቷን በገለጠች ጊዜ የተጐዳው የዚያ ጭነት ባለቤት ብቻ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ቡና በሙሉ በዚያ ገበያ ላይ ተጠረጠረ። ያ በላቦራቶሪ የተደገፈ ነገር ነበር። ላቦራቶሪ ያላየው ወሬም እንደዚሁ አገር ሙሉ ሊጐዳ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ምክር የሚያስፈልገው የዱቤ ጉዳይ ነው። ዱቤ የወሰደ ሰው ቀኑ አልፎ ስልኩን ሲዘጋ ባለ ሱቁ ይናደዳል፤ ንዴቱም እውነት ነው፤ ያ ገንዘብ የሚቀጥለው ስኳርና ዘይት መግዣ ነበርና። ከዚያ የመታወቂያውን ፎቶግራፍ አውጥቶ «ይህን ሌባ ያየ» ብሎ ይለጥፋል። በዚህ በአንድ ቀን ሥራ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። ዕዳን አለመክፈል ሌብነት ስላልሆነ «ሌባ» የሚለው ቃል ራሱ እውነት አይደለም። ሁለተኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰውን የግል መረጃ አጠባበቅ በሕግ ሥር አድርጎታል። ሦስተኛም ባለ ዕዳው በቁጥር 2044 መሠረት «በሰው ዘንድ የተጠላና የተናቀ አድርጎኛል» ብሎ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህም ገንዘብ ጠያቂ የነበረው ሰው ተጠያቂ ይሆናል።

የተሻለው መንገድ ቀድሞውንም አለ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 284 ባለ ዕዳው የፈረመበት ሰነድ ላይ የተመሠረተና ልኩ የታወቀ የገንዘብ ጥያቄ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ ፈቅዷል። ስለዚህ የዱቤ መዝገብ በባለ ሱቁ እጅ ብቻ የተጻፈ መሆን የለበትም፤ ወሳጁ በየጊዜው ስሙን፣ ቀኑንና ብሩን አይቶ ይፈርምበት። ባለ ሱቁ በግሩፑ ላይ ሌላ ነጋዴ የባለ ዕዳ ፎቶግራፍ ሲለጥፍ ቢያይም ሳይውል ሳያድር ማንሣት ይገባዋል፤ ዕዳው እውነት መሆኑን ማወቁ አያድነውም።

ስለ ሕዝብ የሚጻፈው ነገር ስለ ቡና ከሚጻፈው ፈጽሞ የተለየ ነው። በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ተፈናቅሎ ወደ ጌዴኦ መግባቱንና በዚያ ወራት ትምህርት ቤቱ ሁሉ በሰው መሞላቱን ያየ ነጋዴ በዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሰው ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን የሚያስፋፋ ንግግርን ያሰራጨ ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ እንዲደርስበት ይደነግጋል። «ከእገሌ ወገን ነጋዴ አትግዙ» የሚለው ቃል በዋጋ ወሬ መካከል ተሸሽጎ ሲመጣ የንግድ ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም።

ሐሰተኛ ወሬም እንዲሁ ነው። ሁከት ሊያስነሣ የሚችል ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ያሰራጨ ሰው በተለመደው ሁኔታ እስከ 1 ዓመት ይታሰራል ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ይቀጣል። ወሬው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ከሆነ ግን ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ከፍ ይላል። ስለዚህ የተከታይ ብዛት ደንበኛን እንደሚያመጣ ሁሉ የኃላፊነትንም ልክ ይጨምራል። አዋጁ «ላይክ» ማድረግንና «ታግ» ማድረግን እንደ ማሰራጨት አልቈጠረም፤ የደረሰንን ጽሑፍ ለሌሎች ማስተላለፍ ግን በዚህ ነጻነት ውስጥ አልተጠቀሰም። በሁኔታው የሚቻለውን ያህል እውነቱን ለማጣራት የጣረ ሰው ደግሞ መከላከያ አለው። «ነገ ነዳጅ ይጠፋል» የሚል ወሬ በመጣ ጊዜ ለማደያው ስልክ ደውሎ የተመለሰለትን ቃልና ሰዓቱን የጻፈ ባለ ገጽ ይህ መከላከያ በእጁ ነው።

በተግባር ሊደረግ የሚገባው ቀላል ነው። በገጹ ራስ ላይ «እዚህ ዋጋና ዕቃ ብቻ ይነገራል፤ የሰው ስም የሚነካ ጽሑፍና ያለ ፈቃድ የወጣ ፎቶግራፍ ይነሣል» የሚል ደንብ ይጻፍ። ገጹን ሁለት ሰዎች ይጠብቁት፤ አንዱ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ሞያሌ ሲጓዝ ሌላው ይኑር። አቤቱታ ሲደርስ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት ተገቢ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1185 ለማኅበራዊ መገናኛ ድርጅቶች የወሰነው ጊዜ ይህ ነውና፣ ነጋዴም በዚሁ ልክ ቢሠራ አይሳሳትም። ጽሑፉ ከመነሣቱ በፊት ግን ሥዕሉን፣ የጸሐፊውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን መቅዳት ያስፈልጋል፤ ፍርድ ቤት ማስረጃ በጠየቀ ጊዜ «አጥፍቼዋለሁ» ማለት ጥርጣሬን ያመጣል።

በመጨረሻም የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2049 ስለ ጋዜጣ የተጻፈ ቢሆንም ለገጽ ባለቤት ጥሩ መንገድ ያሳያል፤ ይኸውም ያለ ተንኰልና ያለ ከባድ ቸልተኝነት ስም የሚያጠፋ ነገር ያወጣ ሰው ተበዳዩ ሲጠይቀው ወዲያው አንሥቶ ይቅርታ ካወጣ ከኃላፊነት ሊድን እንደሚችል ነው። በእኛ አገር ይቅርታው ብዙ ጊዜ በሶንጎ ወይም በሽማግሌ ፊት ያልቃል፤ ይህ መልካም ቢሆንም ወቀሳው በወጣበት ቦታ ይቅርታው ካልወጣ ወቀሳውን ያነበቡት ሰዎች እርቁን አይሰሙም። የማረሚያው ቃል አጭር ይሁን፣ ስድቡንም አይድገም፤ ለምሳሌ፦ «በዚህ ቀን በዚህ ገጽ ላይ ስለ አቶ እገሌ ንግድ ቤት የወጣው ጽሑፍ ማስረጃ ስላልቀረበበት ተነሥቷል። ባለቤቱን ይቅርታ እንጠይቃለን።» ከሥሩም የገጹ ባለቤት ስምና ቀኑ ይጻፍ፤ ወቀሳው ቈይቶ ከነበረበት ጊዜ ባላነሰ ጊዜም በገጹ ራስ ላይ ይቈይ።