ትምህርት ዘጠኝ፦ ጠንካራና ደካማ ጎንን መዝኖ መጻፍ

ሀ. መግቢያ

ባለፉት ትምህርቶች ያያችሁትን ነገር የሚገልጽና የደረሰውን ታሪክ የሚተርክ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ የአመዛዛኝ ድርሰትን አጻጻፍ ትማራላችሁ። አመዛዛኝ ድርሰት ማለት አንድን ነገር መርምሮ፣ ጠንካራና ደካማ ጎኑን በማስረጃ ለይቶ፣ በመጨረሻም ፍርድ የሚሰጥ ጽሑፍ ነው። የሚመዘነው ነገር መጽሐፍ፣ ቲያትር፣ የእርሻ መሣሪያ ወይም ጨዋታ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ትምህርት የተመረጠው የመኪና እሽቅድምድም የቪዲዮ ጨዋታ ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ወጣቶች አጥብቀው የሚወዱት፣ ብዙ ወላጆች ደግሞ በጥርጣሬ የሚያዩት ነገር ስለሆነ ነው። «የሚያክለው የለም» የሚለው ወጣትና «ልጅ አበላሸ» የሚለው አባት ሁለቱም ፈርደዋል፤ ሁለቱም ግን ማስረጃ አላቀረቡም። የእናንተ ተግባር ከሁለቱ መካከል ቆሞ መመዘን ነው።

ለ. የሚመዘነውን ነገር ማወቅ

መዝኖ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ የነገሩን ዐይነትና አመጣጥ ማወቅ ይገባዋል። የመኪና ጨዋታዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ሲሙሌሽን ይባላል። ይህ ወገን የመኪናውን ክብደት፣ የጎማውን አያያዝና የፍሬኑን ኀይል በተቻለ መጠን ከእውነተኛው ጋር ለማቀራረብ ይጥራል። በ1997 እ.ኤ.አ. በጃፓን የወጣው ግራን ቱሪስሞ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሁለተኛው ወገን አርኬድ ይባላል። አርኬድ ሳንቲም እየተከተተባቸው የሚሠሩ የጨዋታ ማሽኖች የሚቆሙበት አዳራሽ ስም ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የናምኮ ኩባንያ ያወጣው ፖል ፖዚሽንና በ1986 እ.ኤ.አ. የሴጋ ኩባንያ ያወጣው አውት ረን መጀመሪያ የታወቁት በእንዲህ ያሉ አዳራሾች ነው። የአዳራሹ ባለቤት የሚያተርፈው ብዙ ሳንቲም ሲገባለት ነው። ስለዚህ ጨዋታው ቶሎ የሚለመድ፣ በጥቂት ደቂቃዎች የሚያልቅና «አንድ ጊዜ ልድገም» የሚያሰኝ መሆን ነበረበት። ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት፣ ከልክ ያለፈው ፍጥነትና የግጭት ቅጣት ቀላልነት ከዚሁ የሳንቲም ሒሳብ ጋር የተያያዙ ናቸው። በአውት ረን ውስጥ መኪናው ሲገለበጥ ነጂውና ተሳፋሪዋ መንገድ ላይ ይወድቃሉ፤ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ግን ምንም እንዳልሆኑ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ።

ሐ. መለኪያ መምረጥ

አሁን ሁለት ተማሪዎች ስለ አንድ የአርኬድ ዐይነት የመኪና ጨዋታ የጻፉትን አንብቡና አወዳድሩ።

የመጀመሪያው ተማሪ፦ «ይህ ጨዋታ በጣም ግሩም ነው። መኪኖቹ ያምራሉ። ድምፁም ደስ ይላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሊጫወተው ይገባል።»

ሁለተኛው ተማሪ፦ «ይህ ጨዋታ ከእውነት የራቀ ነው። መኪናው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረረ ግድግዳ ቢገጭም አይሰበርም። ስለዚህ መጥፎ ጨዋታ ነው።»

የመጀመሪያው ተማሪ ስሜቱን እንጂ ማስረጃውን አልነገረንም። «ያምራሉ» ከማለት ይልቅ ምኑ እንዴት እንዳማረ ማሳየት ነበረበት። ሁለተኛው ተማሪ ማስረጃ አቅርቧል፤ ነገር ግን መለኪያው አልተስማማም። የአርኬድ ጨዋታ እውነተኛ ነጂነትን አሳያለሁ ብሎ ቃል አልገባም። ይህን ጨዋታ እውነተኛ አይደለም ብሎ መጣል፣ ተረትን «አንበሳ አይናገርም» ብሎ እንደ መንቀፍ ነው።

ስለዚህ አንድን ነገር ስትመዝኑ ሁለት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ጠይቁ።

1. ነገሩ የገባውን ቃል ፈጽሟልን?
2. በተጠቀመበት ሰው ላይ ምን ትቶ ያልፋል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ነገሩን ካለ አግባብ ከመንቀፍ ያድናችኋል። ሁለተኛው ደግሞ ካለ አግባብ ከማመስገን ይጠብቃችኋል። ተረት እንኳ ሁለተኛው ጥያቄ ይጠየቃል፤ አንበሳው መናገሩን ባንነቅፍም የተናገረው ነገር ለልጆች ምን እንዳስተማረ እንመረምራለን።

መ. ናሙና ድርሰት

የሚከተለውን ድርሰት በጥሞና አንብቡ። ጸሐፊው ሁለቱን ጥያቄዎች የት የት ቦታ እንደጠየቀ ልብ በሉ።

ሰው የሌለበት ከተማ

ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዎንትድ የተባለው የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ በኅዳር ወር 1998 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ያሳተመው ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በዚሁ ስም ሌላ ጨዋታ ወጥቷል፤ እዚህ የሚመዘነው ግን የመጀመሪያው ነው። ጨዋታው ከወጣባቸው መሣሪያዎች አንዱ ፕሌይ ስቴሽን 2 ነበር። በአገራችን ከተሞች በተከፈቱት የፕሌይ ስቴሽን ቤቶች ወጣቶች በጨዋታ ወይም በሰዓት እየከፈሉ ጆይስቲክ ይጨብጣሉ። የጥንቱ የአርኬድ አዳራሽ የሳንቲም ሒሳብ በብር ተተክቶ ቀጥሏል ማለት ይቻላል።

ጨዋታው የገባው ቃል ፍጥነትና ደስታ ነው፤ ይህንንም በሚገባ ፈጽሟል። ተጫዋቹ በአንድ የስም ዝርዝር ውስጥ ያሉ 15 ተፎካካሪዎችን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ማሸነፍ አለበት። ዓላማው ግልጽ ስለሆነ አዲስ ገቢ እንኳ ምን ማድረግ እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል። መሪውና ፍሬኑ ቶሎ ይለመዳሉ። በአስጨናቂ ኩርባ ላይ ጊዜን ለአፍታ የሚያዘገይ መላም ተሰጥቶታል። ከሁሉ የሚልቀው ግን የፖሊስ ማሳደድ ነው። ተጫዋቹ ብዙ ባጠፋ ቁጥር የሚያሳድዱት መኪኖች እየበረቱ ይሄዳሉ። ካመለጠ በኋላም ፍለጋው እስኪበርድ ድረስ መሸሸጊያ መርጦ ለመቆየት ይገደዳል። ስለዚህ ጣቱ ብቻ ሳይሆን አሳቡም ይሠራል።

በዚያው በራሱ መለኪያ ሲታይ ደግሞ ጉድለት አለበት። ተፎካካሪዎቹ በላስቲክ የታሰሩ ይመስላሉ፤ ተጫዋቹ ርቆ ሲቀድም እነርሱ ያለ ልክ ይፈጥናሉ፣ ወደ ኋላ ሲቀር ደግሞ ይጠብቁታል። ይህ ውድድሩን እስከ መጨረሻው አጓጊ ለማድረግ የታሰበ ዘዴ ነው። ሆኖም ጥሩ የነዳው ሰው የድካሙን ዋጋ እንዳያገኝ ያደርገዋል። ወደ ዝርዝሩ ጫፍ ሲቃረቡም ተመሳሳይ ውድድሮችና ማሳደዶች ደጋግመው ስለሚመጡ ጨዋታው ይሰለቻል።

ትልቁ ነገር የሚገኘው ግን ከሁለተኛው ጥያቄ ዘንድ ነው። የጨዋታው ከተማ ሮክፖርት ትባላለች፤ በካርታ ላይ የማትገኝ ፈጠራ ናት። ሕንፃ፣ ድልድይና ነዳጅ ማደያ አላት፤ በመንገዶቿም ሌሎች መኪኖች ይመላለሳሉ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን አንድም የለባትም። መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ ዕቃ የተሸከመች ሴት በከተማዋ ውስጥ አይገኙም። ፍጥነቱ ያለ ጸጸት የሚያስደስተው ከተማይቱ ሰው ስለሌለባት ነው። መኪናው ቢገጭ መስተዋቱ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙ ይፋቃል፤ ኀይሉ ግን አይቀንስም።

አሁን ጨዋታው አልቆ ወደ ጎንደር ፒያሳ ወጣን እንበል። የፒያሳ ስም ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ሲሆን ትርጉሙ አደባባይ ማለት ነው፤ አደባባይ ደግሞ የሰው መገናኛ ነው። ከፋሲል ግቢ አጠገብ በሚገኘው በዚህ ስፍራ ተማሪው፣ ሊስትሮው፣ ባጃጁና አህያውን የሚነዳው ገበሬ አንዱን መንገድ ይጋሩታል። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግን ርቀቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም 56 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም ነጂው ደንግጦ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ የሚሄደውን ርቀት ሳይጨምር ነው። ከፒያሳ ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ሊማሊሞ ለሚወርድ ነጂም መንገዱ ከገደል ጫፍ ላይ እየተጠማዘዘ ይጠብቀዋል። በዚያ ኩርባ ላይ ጊዜን የሚያዘገይ መላ የለም። በአገራችን በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች መካከል እግረኞች ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። ጨዋታው የሰረዛቸው እነዚህኑ ሰዎች ነው።

ይህን ጨዋታ የተጫወተ ሁሉ መጥፎ ነጂ ይሆናል ማለት ማስረጃ የሌለው ክስ ይሆናል። ማለት የምንችለው አንድ ነገር ነው፦ ጨዋታው ጣትን ያፈጥናል፣ ዐይንን ያነቃል፤ ነገር ግን «ከዚህ ኩርባ በስተጀርባ ሰው ይኖር ይሆን?» ብሎ መጠየቅን አያስተምርም። አበው የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ። በጨዋታው ውስጥ የፈሰሰው ሁሉ ይታፈሳል። እንግዲህ ሞስት ዎንትድ የተዋጣለት ጨዋታ ቢሆንም፣ ዛሬ ተጫዋች ነገ ነጂ ለሚሆን ወጣት የነጂነትን ዋና ነገር አያስተምርም።

ሠ. ሰዋስው፦ የ«ቢሆንም» እና የማሰሪያ አንቀጽ ሚዛን

በአማርኛ የዐረፍተ ነገር ፍርድ የሚገኘው በመጨረሻው ላይ፣ በማሰሪያ አንቀጹ ነው። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ጨዋታው አስደሳች ቢሆንም አሳሳች ነው።
2. ጨዋታው አሳሳች ቢሆንም አስደሳች ነው።

ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች የያዙት ሐሳብ አንድ ነው፤ ጨዋታው አስደሳችም አሳሳችም መሆኑን ይናገራሉ። ፍርዳቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ተጫዋቹን ያስጠነቅቃል፤ ሁለተኛው ይጋብዘዋል። ከ«ቢሆንም» በፊት የመጣው ሐሳብ የታመነ፣ ነገር ግን የተረታ ሐሳብ ነው። ረቺው በማሰሪያ አንቀጹ የታሰረው ነው። ስለዚህ «ቢሆንም» ስትጽፉ የትኛውን ሐሳብ ከፊት፣ የትኛውን ከኋላ እንደምታስቀምጡ አስቡ፤ በቦታቸው መለዋወጥ ብቻ ፍርዳችሁ ይገለበጣል።

«እንጂ» ደግሞ ከሁለት ሐሳቦች አንዱን አጽንቶ ሌላውን ያስወግዳል። ምሳሌ፦ «ጨዋታው መዝናኛ እንጂ የመንጃ ትምህርት ቤት አይደለም።» «ቢሆንም» ሁለቱንም ሐሳቦች ይቀበላል፤ «እንጂ» አንዱን ብቻ ይቀበላል። በማስረጃ ያላስወገዳችሁትን ሐሳብ በ«እንጂ» አታስወግዱ።

ረ. መልመጃዎች

መልመጃ አንድ። በናሙናው ድርሰት ላይ ተመሥርታችሁ መልሱ።

1. የናሙናው ርእስ «ሰው የሌለበት ከተማ» የተባለው ለምንድን ነው?
2. ጸሐፊው ጨዋታውን በራሱ መለኪያ ሲመዝነው ያገኛቸው ሁለት ጉድለቶች ምንና ምን ናቸው?
3. ስለ ፍሬን ርቀት የቀረበው ቁጥር ከድርሰቱ ቢወጣ ምን ይጎድላል?
4. ጸሐፊው «ማስረጃ የሌለው ክስ» ያለው የትኛውን ሐሳብ ነው? ይህን ማመኑ ድርሰቱን አጠናከረው ወይስ አዳከመው? ምክንያታችሁን ግለጹ።

መልመጃ ሁለት። የናሙናውን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር በ«ቢሆንም» ዙሪያ ገልብጣችሁ ጻፉ። ከዚያም አዲሱ ፍርድ እንዲስማማው ከፊቱ ባሉት አንቀጾች ውስጥ ምን መለወጥ እንዳለበት አስረዱ።

መልመጃ ሦስት። የሚከተሉትን ጥንድ ሐሳቦች አንድ ጊዜ በ«ቢሆንም»፣ አንድ ጊዜ በ«እንጂ» ለማያያዝ ሞክሩ። «እንጂ» የማይስማማው ለየትኛው ጥንድ ነው? ለምን?

ሀ. ባጃጅ ርካሽ መጓጓዣ ነው። ባጃጅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።
ለ. መንገድ የሁሉም ነው። መንገድ የነጂ ብቻ አይደለም።

መልመጃ አራት። ከገበጣ፣ ከገና ጨዋታና በስልክ ከሚጫወቱት አንድ ጨዋታ መካከል አንዱን መርጣችሁ አራት አንቀጽ ያለው አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ነገሩን አስተዋውቁ፤ በሁለተኛው ጠንካራ ጎኑን፣ በሦስተኛው ደካማ ጎኑን አሳዩ፤ በአራተኛው ፍርዳችሁን ስጡ። ለእያንዳንዱ ሐሳብ ቢያንስ አንድ ማስረጃ አቅርቡ።

ድርሰቱን ከማስረከባችሁ በፊት ለሁለት ሰዎች አንብቡላቸው፤ አንዱ ጨዋታውን የሚወድ፣ ሌላው የሚጠላ ይሁን። ወዳጁ «ጉድለቱን አልዋሸህም» ካለ፣ ጠላቱም «በጎነቱን አልደበቅህም» ካለ ሚዛናችሁ ተስተካክሏል። አንዱ ብቻ ከተደሰተ ግን ተመልሳችሁ እንደገና መዝኑ።