በዚህ ብርድ ሽመላ አትጠብቂ

ስሚኝ እህቴ፣ በጥር ብርድ አሽዶድ ባሕር ዳር ቆመሽ ሽመላ አትጠብቂ። የቤተ እስራኤል ልጆች ጎንደር ላይ ሽመላ ሲያልፍ ኢየሩሳሌም ደህና መሆኗን እየዘመሩ ይጠይቁት እንደነበር ከአያታችን እየሰማሽ አድገሻል፤ ልብሽ ወደሱ ቢያደላ አይገርመኝም። ግን አሁን አብዛኛው ሽመላ አፍሪካ ነው። ወደ አውሮፓ ሲመለስ፣ በማርችና በኤፕሪል፣ በእስራኤል ሰማይ ያልፋል፤ ያኔም ቢሆን አንጋጠሽ ፈልጊው እንጂ ባሕሩ ላይ አይደለም። የሚንሳፈፈው ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ነዋ! ባሕር ላይ ያ አየር ስለማይገኝ ሜዲትራኒያንን ዞሮ በየብስ ይሄዳል። በዓመት ሁለቴ፣ በግምት 500 ሚሊዮን ወፍ በዚህች ጠባብ አገር ላይ የሚተላለፈውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይልቅ ፊትሽ ያለውን እዪ። ስትወጪ በጠዋት ይሁን፤ ፀሐይ በከተማው በኩል ከጀርባሽ ስለምትሆን የወፉ ቀለም ጥርት ብሎ ይታይሻል። ከቀትር በኋላ ግን ዓይንሽ ውስጥ ትገባለች፣ ሁሉም ጥቁር ጥላ ይሆንብሻል። ማዕበል ባደረ ማግስት ደግሞ አትቅሪ፤ የምዕራቡ ነፋስ መሐል ባሕር የሚውሉትን ሁሉ ወደ ዳር ይገፋቸዋል። ብርዱማ ምን አለው፣ የደባርቅ ሰው ቢያየን ይስቅብናል። ክፉው እርጥቡ ነፋስ ነው፤ ጆሮሽን ሸፍኚ።

ላኺሽ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ጋ፣ ወደቡ አጠገብ፣ ቁጭ በይ። እነዚያን ነጫጭ የባሕር ወፎች «ሻሐፍ ናቸው» ብለሽ ብቻ አትለፊያቸው። ትንሹን አየሽው? ምንቃሩና እግሩ ቀላ ያለ፣ ከዓይኑ ጀርባ ጥቁር ነጥብ ያለበት? በመራቢያው ወራት ጭንቅላቱ ጠቆር ይላል፤ በብርድ ግን ያቺ ነጥብ ብቻ ትቀርለታለች። ወፈር ያለው፣ ቢጫ ምንቃሩ ጫፍ አካባቢ ጥቁር ቀለበት ያለበት ደግሞ እንደ ሴቫን ካሉ የአርመን ሐይቆች የሚመጣው ነው። አንዱን ምረጪና ከሱ ጋር ቆዪ። ስም ለማብዛት የሚሮጥ ሰው አንዱንም አያውቅም፤ በዚህ ነገር አልከራከርም።

ባይኖኩላሩን እንቺ። 8 ጊዜ የሚያጎላው ይበቃሻል፤ ከዚያ በላይ ያለው በዚህ ነፋስ እጅሽ ላይ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ በባዶ ዓይንሽ ያዢው፣ ከዚያ ዓይንሽን ሳትነቅዪ ባይኖኩላሩን አንሺ። አሁን እዪ! ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ፣ ውሃው ላይ ባለችበት ክንፏን እያርገበገበች ቆማ፣ ተወርውራ ዓሣ ይዛ የወጣችው። ይህቺ ጣና ላይም አለች፤ ከሽመላው ይልቅ ለእኛ ጎረቤት የምትባለው እሷ ናት።

አሸዋ ላይ ያረፈ መንጋ ስታገኚ ዙረሽ እለፊ። ፎቶ ለማንሣት ተብሎ በየደቂቃው የሚበረገግ ወፍ ለብርዱ ያጠራቀመውን ስብ በከንቱ ይጨርሳል። ዳቦም አትወርውሪ። በ2021 ዲሴምበር ሁላ ሸለቆ ውስጥ አጉር የሚሏቸው ባለ ረጅም እግር ወፎች በወፍ ጉንፋን በሺዎች አልቀዋል፤ ስለዚህ የሞተ ወፍ ካየሽ በእጅሽ አትንኪው፣ ልጆቹንም አስጠንቅቂ፣ በ106 ለማዘጋጃ ቤቱ ደውዪ።