የኢኤስኤል መምህር ለመሆን፦ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ካውንቲዎች፣ አገር ቤት ለዓመታት ያስተማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ዛሬ አንዳንዶቹ ፓርኪንግ ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ ኡበር ይነዳሉ፣ ሌሎቹ አረጋውያንን ይንከባከባሉ። ሠርቶ መብላት ክብር ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሰፈር ያሉ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ገና እየለመዱ ላሉ ልጆች መምህር ሲያፈላልጉ፣ ያ ሁሉ የማስተማር ልምድ ሳይሠራበት መቅረቱ ያሳዝነኛል። ይህን የምጽፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ በተለይም ዲግሪ እያላቸው «እኔ እንግሊዝኛ ላስተምር? ያውም አሜሪካ?» ብለው ሐሳቡን ገና ከበሩ ለሚመልሱት።

ኢኤስኤል፣ ማለትም እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ማስተማር፣ ወይም በሜሪላንድ እንደሚሉት ኢሶል፣ ለልጆቹ የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ የሕግ ግዴታ ነው። ላው እና ኒኮልስ በተባለው ክርክር የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ከሌሎቹ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጠው፣ ያንኑ መጽሐፍ ይዘው፣ በማይገባቸው ቋንቋ ይማሩ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወስን፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ መምህር መስጠት ብቻውን እኩልነት እንዳልሆነ ተናገረ። ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛን ገና የሚማሩ ልጆችን ለይተው የመርዳት ግዴታ አለባቸው። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ እነዚህ ልጆች በየዓመቱ ዊዳ የሚባለው ተቋም በሚያዘጋጀው ፈተና በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ይመዘናሉ፤ ውጤታቸውም ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ይገለጻል። በሞንትጎመሪ ካውንቲና በአሌክሳንድሪያ አማርኛ በቤት ውስጥ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ ከልጆቹ መካከል የእኛዎቹም አሉ።

እኛ ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለንም። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ባዮሎጂውንም፣ ፊዚክሱንም፣ ጂኦግራፊውንም የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ትምህርቱን ከቋንቋው ጋር አብሮ መሸከም ምን እንደሚመስል፣ መልሱን እያወቁ ዓረፍተ ነገሩ አልወጣ ሲል ምን እንደሚሰማ እናውቀዋለን። እንግሊዝኛን ከእናቱ ጉያ የተማረ መምህር ይህን የሚያገኘው ከመጽሐፍ ነው። በዚህ ዕውቀት ላይ ሥልጠናው ሲጨመር ጥሩ መምህር ይወጣል ብዬ አምናለሁ። ያለ ሥልጠናው ግን አይሆንም፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

አስቀድሞ ስለ ወረቀቱ ልናገር፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ኦንላይን «120 ሰዓት ተምረው የእንግሊዝኛ መምህር ይሁኑ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ሞልተዋል። እነዚህ ቴፍል ወይም ቴሶል የሚባሉ ሰርተፊኬቶች በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት የመምህርነት ላይሰንስ አይሆኑም። ካምብሪጅ የሚሰጠው ሴልታ ከእነዚህ ሁሉ የተከበረ ነው፤ እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆመው እየተገመገሙ የሚወስዱት ሥልጠና ነው። የተዘጋጀው ግን በዋናነት ጎልማሶችን ለማስተማር ነው። ዱባይ ባለ የቋንቋ ትምህርት ቤት ወይም እዚሁ በጎልማሶች የማታ ትምህርት ለመሥራት ሊጠቅምዎ ይችላል። ሕፃናትንና ወጣቶችን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስተማር ግን የሚያስፈልገው የስቴቱ ላይሰንስ ነው፤ ስቴቱም የራሱ ደንብ አለው። ዳላስ ያለ ዘመድዎ የነገረዎ ለሲልቨር ስፕሪንግ ላይሠራ ይችላል። ቴክሳስ ውስጥ ላይሰንስ ያለው መምህር አንድ ተጨማሪ ፈተና አልፎ ኢኤስኤልን ላይሰንሱ ላይ ማስጨመር ይችላል፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የየራሳቸው መስፈርት አላቸው።

ማስተርስም ቢሆን እንዲሁ ነው። የቴሶል ማስተርስ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ላይሰንስ ያስገኛል፣ አንዳንዱ ዲግሪውን ብቻ ሰጥቶ ያሰናብታል። ስለዚህ የመመዝገቢያ ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ይጠይቁ፦ «ፕሮግራሙን ስጨርስ ከዚህ በፊት ላይሰንስ ኖሮኝ ለማያውቀው ለእኔ፣ በዚህ ስቴት የኢኤስኤል መምህርነት ላይሰንስ ያስገኝልኛል?» መልሱን በኢሜይል እንዲጽፉልዎ ያድርጉ። በስልክ «አዎ» የሚል ሰው ከስድስት ወር በኋላ እዚያ ቢሮ ላይኖር ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአገር ቤቱ ዲግሪ ነው። ስቴቱ ከውጭ የመጣ ዲግሪን ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ዕውቅና ያለው መዛኝ ድርጅት ተመልክቶ ከአሜሪካው ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን መመስከር አለበት። ግምገማው እያንዳንዱን ኮርስ የሚዘረዝረው ዓይነት ይሁን። አጠር ያለው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የወሰዱትን የቋንቋና የትምህርት ኮርስ ለይቶ ስለማያሳይ ተመልሰው መክፈልዎ አይቀርም። በሦስት ዓመት ፕሮግራም የተመረቁ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ሁሉም መዛኝ የሦስት ዓመት ዲግሪን በአንድ ዓይን አያይም። አንዱ ሙሉ ባችለር ነው ሲል ሌላው የሦስት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ብቻ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ስቴቱ የሚቀበላቸውን ድርጅቶች ስም ዝርዝር ይውሰዱና፣ ገንዘብ ሳይልኩ የኢትዮጵያን የሦስት ዓመት ዲግሪ እንዴት እንደሚመዝኑ እያንዳንዳቸውን ይጠይቁ። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ የሚከታተልልዎ እህት ወይም ወንድም አገር ቤት ቢኖር ይመረጣል።

ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ውጭ ቆሞ መጠበቅ ግን አልመክርም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይግቡ። ረዳት መምህር፣ በተለምዶ ፓራ የሚባለው፣ ላይሰንስ አይጠየቅም፤ የፌዴራል ሕግ ታይትል ዋን በሚባለው ድጎማ ለሚሠሩት ረዳቶች የሚጠይቀው የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ወይም የብቃት ፈተና ማለፍን ነው። ደመወዙ ዝቅተኛ ነው፤ ይህን አልደብቅም። ኡበር እየነዱ ከሚያገኙት ሊያንስ ይችላል። በምትኩ የጤና ዋስትና ያለው ሥራ ሊያገኙ ይችላሉ፤ አንዳንድ ካውንቲም ሠራተኛው መምህር እንዲሆን የትምህርት ክፍያ ያግዛል። ከሁሉም በላይ ርእሰ መምህሯ ሥራዎን በዓይኗ ታያለች። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ልንገርዎ። ቨርጂኒያ መስፈርቱን ገና ላላሟላ መምህር እስከ ሦስት ዓመት የሚያገለግል ጊዜያዊ ላይሰንስ ትሰጣለች፤ ሜሪላንድም ተመሳሳይ አሠራር አላት። የዚህ ዓይነቱን ላይሰንስ የሚጠይቅልዎ ግን የሚቀጥርዎ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ እርስዎ ብቻዎን ማመልከቻ ይዘው ቢሄዱ አያገኙትም። መጀመሪያ የሚያምንብዎ ትምህርት ቤት ያስፈልጋል። በዲሲ ደግሞ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ላይሰንስ ያለው መምህር ብቻ እንዲቀጥሩ ሕግ አያስገድዳቸውም፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ሥራ እነሱንም ይሞክሩ።

በዚህ መንገድ መግባት ሌላም ጥቅም አለው። በመደበኛው ፕሮግራም መጨረሻ ላይ ያለ ደመወዝ ሙሉ ቀን የሚያስተምሩበት የልምምድ ጊዜ ይመጣል። ልጆች የሚያሳድግ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ተቀጥሮ እየሠራ የሚማር ሰው በራሱ ክፍል ውስጥ ልምምዱን እንዲሠራ የሚፈቅዱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሲመርጡ ይህንንም ይጠይቁ።

ለላይሰንሱ የሚያስፈልገው ፈተና ፕራክሲስ ይባላል፤ ኢሶል የተባለውን ዓይነቱን ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ይጠቀሙበታል። የእንግሊዝኛ ችሎታን ብቻ የሚለካ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ሥነ ልሳን፣ ቋንቋ እንዴት እንደሚለመድ፣ ምዘናና ሕግ አለበት፤ የተቀዳ የተማሪ ንግግር እያሰማም ስህተቱ ከድምፅ ይሁን ከሰዋስው እንዲለዩ ይጠይቃል። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ «ስኩል» ማለት ሲያቅተው «እስኩል» የሚለው ለምን እንደሆነ፣ ግሱ ውስጥ ባለቤቱ አለ ብሎ ተውላጠ ስሙን ለምን እንደሚዘለው ከራሳችን አፍ እናውቀዋለን። የሚቀረን ነገሩን ሥነ ልሳን በሰጠው ስም መጥራት ነው፤ ጥቂት ወራት በደንብ የሚያጠና ሰው ይደርስበታል።

አሁን ወደ ማስተማሩ ልመለስ፤ ትልቁ ለውጥ የሚጠይቀን እሱ ነውና። ብዙዎቻችን ያደግነው መምህሩ ሰሌዳ ሞልቶ ሲጽፍ፣ ስድሳ ተማሪ ዝም ብሎ ሲገለብጥ ነው። ያስተማርነውም እንዲሁ ነበር። እዚህ የኢኤስኤል ክፍልን የሚገመግም ሰው ከሚመለከታቸው ነገሮች ዋናው ተማሪው ምን ያህል እንደተናገረ ነው። የአራተኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት እንውሰድ፤ ርእሱ የውሃ ዑደት ነው። የሠለጠነች መምህርት ሁለት ዓላማ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፦ አንዱ የሳይንሱ፣ ሌላው የቋንቋው። ማንቆርቆሪያ ታፈላለች፤ ክዳኑ ላይ የተንጠባጠበውን ውሃ ልጆቹ በእጃቸው ይነካሉ። ከጎንደር በቅርቡ የመጣው ልጅ አጠገቡ ካለችው አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ጋር ያየውን በአማርኛ ይነጋገራል፤ መምህርቷ አትከለክለውም። ከዚያ «ውሃው ሲሞቅ...፤ ምክንያቱም...» የሚል ጅምር ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ትሰጠዋለች፤ ልጁ ይሞላዋል፣ ጮክ ብሎ ይናገረዋል፣ በመጨረሻ ይጽፈዋል። ሳይንሱ አልቀነሰም፤ መወጣጫው ነው የተጨመረው። ሳይኦፕ የሚባለው የማስተማር ዘዴ ይህን ነው የሚያሠለጥነው፤ ሥልጠናውን የሚሰጡ ካውንቲዎች ስላሉ ፓራ ሆነው እየሠሩም መሳተፍ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ።

በካናዳ ያስተማሩት ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያስረዱትን አንድ ነገር ደግሞ ይያዙ። ልጅ የመጫወቻ ሜዳውን እንግሊዝኛ በአንድና በሁለት ዓመት ይለምዳል፤ የመማሪያ መጽሐፉን እንግሊዝኛ ለመያዝ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ወላጆቻችን ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲንተባተብ ባላዩት ጊዜ «ይኼ ልጅ እንግሊዝኛ ጨርሷል፣ ከኢኤስኤል አውጡልኝ» ይላሉ። በአማርኛ አስቀምጦ «እማዬ፣ ሲያወራ ጎበዝ ነው፤ ሲያነብ ግን ገና እገዛ ያስፈልገዋል» ብሎ የሚያስረዳቸው መምህር ሲኖር ስንት ልጅ እንደሚተርፍ ያስቡት።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ቲች ግራንት የሚባል የፌዴራል ድጋፍ አለ፤ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር ይሰጣል፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪዎችን ማስተማርም ከሚደገፉት መስኮች አንዱ ነው። ግሪን ካርድ ያለውም ማመልከት ይችላል። በምላሹ ከተመረቁ በኋላ ባሉት ስምንት ዓመታት ውስጥ አራቱን ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ማስተማር አለብዎ። ካልፈጸሙ ገንዘቡ ወደ ብድር ይለወጣል፤ ወለዱም የሚታሰበው ገንዘቡን ከተቀበሉበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ማስተማሩን የማይጠራጠር ይውሰደው፤ የሚያመነታ ይተወው።

ስለ አነጋገር ዘይቤያችን የሚጨነቁም አሉ። የፌዴራል የሥራ ሕግ አክሰንት ሥራውን በእውነት እስካላደናቀፈ ድረስ ለመከልከል ምክንያት እንዲሆን አይፈቅድም። ልጆቹ ደግሞ እንደነሱ ቋንቋውን ለምዶ ያወቀ ሰው ፊት ለፊታቸው ቆሞ ማየታቸው ራሱ ትምህርት ነው።

ካውንቲዎች ለኦገስት የሚያስፈልጓቸውን መምህራን በብዛት መፈለግ የሚጀምሩት ከማርች ገደማ አንስቶ ነው። ከሁሉም የሚዘገየው የአገር ቤቱ ትራንስክሪፕት ስለሆነ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና የዩኒቨርሲቲዎን ሬጅስትራር በዚህ ሳምንት ይጠይቁ።