ያልገባ ትእዛዝ መድኃኒት አይሆንም

በየደብራችን ፊደል ያልቆጠሩ፣ ወይም ቆጥረው የረሱ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። በዓላቱንና አጽዋማቱን በቃላቸው ይዘው የሚያስታውሱን እነርሱ ናቸው፤ ከሐኪም ቤት ይዘው የሚመለሱት ወረቀት ግን ያስቸግራቸዋል። እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እንንገራቸው። በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 8 የተባለው ለእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በማሸጊያው ላይ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ እንሣል።

ሁለተኛ፤ በተግባር እናሳይ። ለተቅማጥ የሚሰጠው ባለ 1 ሊትሩ ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ይደፋል። ጠርሙስ ይዘን አብረን እንለካ።

ሦስተኛ፤ «ገባዎት?» ብለን አንለፍ፤ በይሉኝታ «አዎን» ይሉናልና። «ለልጅዎ እንዴት አድርገው ይነግሩታል?» ብለን ከአፋቸው እንስማ። ካልተስተካከለ አነጋገራችንን ለውጠን እንደገና እናስረዳ።

አራተኛ፤ ጠበል የጀመረ ሰው መድኃኒት መተው ያለበት የሚመስላቸው አሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ግን በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል፤ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ በሽታውን ከመድኃኒቱ ጋር ያላምደዋል።

ምስጢራቸውን እንጠብቅ፤ ከራሳችን አንጨምር፤ ያላወቅነውን ሐኪሙን እንጠይቅ። የቁስለኛውን ቁስል ያሰረው ደጉ ሳምራዊ አርአያችን ነው። እግዚአብሔር ይርዳን።