በፓፕ ስሚር ስላይድ ላይ የካንሰርን ሕዋስ ከጤነኛው መለየት፦ ደረጃ በደረጃ

ይህ ጽሑፍ ማይክሮስኮፕ ፊት መቀመጥ ለጀመሩ የላቦራቶሪና የሕክምና ተማሪዎች ነው። ናሙናው ከማህጸን ጫፍ የሚወሰደው ፓፕ ስሚር ነው፤ ጆርጅ ፓፓኒኮላው ከኸርበርት ትራውት ጋር እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው ያስተዋወቁት ምርመራ። ጀማሪ ተማሪ ቸኩሎ ካንሰሩን ይፈልጋል። እኔ ግን መጀመሪያ ጤነኛውን ሕዋስ አጥግባችሁ እዩ እላለሁ። የምታወዳድሩት ጤነኛ ሕዋስ ከሌለ «ትልቅ ነው»፣ «ጠቁሯል» የሚለው ቃል ባዶ ነው።

ደረጃ 1፦ ስላይዱ የሚታመን መሆኑን አረጋግጡ። ናሙናው ስላይድ ላይ እንደተቀባ፣ ሳይደርቅ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ መግባት አለበት። አየር ላይ የደረቀ ሕዋስ ኒውክለሱ ይሰፋል፣ ክሮማቲኑም ይደበዝዛል፤ ጤነኛዋን ሴት በሽተኛ ሊያስመስል ይችላል። እንዲህ ከሆነ ናሙናው በድጋሚ ይወሰድ።

ደረጃ 2፦ በ10 ሌንስ ከአንዱ ጥግ ተነስታችሁ፣ መስመር በመስመር፣ አንዱን እይታ ከሌላው በጥቂቱ እያደራረባችሁ ስላይዱን ጨርሱ። የታመሙት ሕዋሳት ጥቂት ሊሆኑ ስለሚችሉ አንዲት ጥግ እንኳ አትዝለሉ።

ደረጃ 3፦ መለኪያ ሕዋስ ምረጡ። ጥሩ መለኪያ የሚሆነው መካከለኛው ስኳመስ ሕዋስ ነው፦ ሰፊ፣ ባለ ብዙ ማዕዘን፣ ሳይቶፕላዝሙ ስስና ብዙውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያደላ። ኒውክለሱ ክብ ወይም ሞላላ ሲሆን 8 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከቀይ የደም ሕዋስ ጥቂት ይበልጣል። ጠርዙ ለስላሳ፣ ክሮማቲኑ ደቃቅና በእኩል የተሰራጨ ነው።

ደረጃ 4፦ ወደ 40 ሌንስ ቀይራችሁ ኒውክለሱ ላይ ቆዩ። ዋናው ሥራ ይህ ነው። የኒውክለሱ ስፋት ከመለኪያው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ሳይቶፕላዝሙ ገና ሰፊ ከሆነ ለውጡ ዝቅተኛ ደረጃ ነው። በዙሪያው ጠርዙ የጠራ ባዶ ቦታ ከታየ የኤችፒቪ ቫይረስ አሻራ ነው። ከፍተኛ ደረጃ ለውጥ ያለው ሕዋስ ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ነገር የሚፈልግ ዓይን ያልፈዋል። ኒውክለሱ ሕዋሱን ሞልቶት ሳይቶፕላዝሙ ቀጭን ጠርዝ ብቻ ይቀራል። ፎከሱን በዝግታ እያዞራችሁ የኒውክለሱን ዳር ተከተሉ፤ እንደ ዘቢብ የተጨማደደ ነው። ክሮማቲኑም ጠቁሮና ሸካራ ሆኖ ይታያል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ካወቃችሁ አትረሱትም። ጤነኛ ሕዋስ ዲኤንኤው ሲጎዳ ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ክፍፍሉን ያስቆማል፣ ወይም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። የኤችፒቪ ኢ6 ፕሮቲን ፒ53ን ያስፈርሳል፤ ኢ7 ደግሞ አርቢ የተባለውን ሌላ ተቆጣጣሪ ያሰናክላል። ሕዋሱ 46 ክሮሞዞሞቹን በትክክል ሳያካፍል መባዛቱን ይቀጥላል፤ የተከማቸው ዲኤንኤም ማቅለሚያውን አብዝቶ ስለሚይዝ ኒውክለሱ ይጠቁራል። እ.ኤ.አ. በ1951 ከሄንሪታ ላክስ የማህጸን ጫፍ ካንሰር የተወሰዱት የሂላ ሕዋሳት ከ76 እስከ 80 ክሮሞዞም ተሸክመው እስከ ዛሬ በላቦራቶሪዎች ይባዛሉ።

ደረጃ 5፦ የሕዋሱን አካባቢ ተመልከቱ። የሞቱ ሕዋሳት ፍርስራሽና ያረጀ ደም፣ ጎልቶ የወጣ ኒውክሊዮለስ፣ ጅራት ያወጡ ብርቱካናማ ሕዋሳት አንድ ላይ ከታዩ ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባ ካንሰር ይጠረጠራል።

ደረጃ 6፦ አስመሳዮቹን ለዩ። ቁስል የሚጠግኑ ሕዋሳትም ኒውክለሳቸውና ኒውክሊዮለሳቸው ይተልቃል፤ ነገር ግን በአንድ ንጣፍ ተያይዘው፣ አቅጣጫ ጠብቀው ይተኛሉ፣ የኒውክለሳቸውም ጠርዝ ለስላሳ ነው። የወር አበባዋ በዕድሜ ምክንያት በቆመ ሴት ናሙና ላይ ትናንሽ ሕዋሳት መብዛታቸው ያለ ነው። የጨረር ሕክምናም ኒውክለስ ያሰፋል። ስለዚህ የምርመራ መጠየቂያውን ወረቀት ሳታነቡ ፍርድ አትስጡ፤ ዕድሜዋ፣ የወር አበባዋና የቀድሞ ሕክምናዋ ካልተጻፈ ለላከው ክፍል ደውላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ የጠረጠራችሁትን ሕዋስ ስላይዱ ላይ በቀለም ነጥብ አመልክታችሁ ለፓቶሎጂስቱ አሳዩ። በአንድ ምልክት ብቻ «ካንሰር» ብላችሁ አትጻፉ፤ ያያችሁትን በዝርዝር መዝግቡ። ከፍተኛ ደረጃ ለውጥ የተገኘባት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኮልፖስኮፒ ትላካለች፤ እዚያም ከተጠረጠረው ቦታ ትንሽ ቁራጭ ሥጋ ለባዮፕሲ ይወሰዳል።