የብርዝ እንቆቅልሽ፦ ማር ቁስልን እንዴት ያድናል?

በየቤታችን የታወቀ አንድ ነገር አለ። በደንብ በተከደነ ማሰሮ የተቀመጠ ንጹሕ ማር ዓመታትን ይቆያል፤ ይረጋ እንደሆነ እንጂ አይበላሽም። ይኸው ማር በውሃ ተበርዞ ሲቀመጥ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መፍላት ይጀምራል፤ ጌሾ ሲገባበትም ጠጅ ይሆናል። ስለዚህ ውሃ የማርን ኃይል ያዳክማል ብንል የተሳሳትን አይመስልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1919 ሳኬት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የታይፎይድ ባክቴሪያን ጨምሮ የአንጀት በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ማር ውስጥ ከትቶ ሲከታተል ያልጠበቀውን ነገር አየ። ተሕዋስያኑ መሞታቸው ብቻ ሳይሆን፣ ማሩ በመጠኑ ሲበረዝ የመግደል ኃይሉ ጨምሮ ተገኘ። (በገበያ “የተበረዘ ማር” ሲባል በስኳር የተጭበረበረ ማለት ነው፤ እዚህ የምንናገረው ግን በውሃ ስለ ማቅጠን ነው።)

የሰው ልጅ ማርን የተዋወቀው ከጽሕፈት ዘመን በፊት ነው። በስፔን፣ በቫሌንሲያ ግዛት በሚገኘው የአራኛ ዋሻ ውስጥ ዕድሜው ወደ 8,000 ዓመት የሚገመት የግድግዳ ሥዕል፣ ከፍ ካለ ቦታ ተንጠልጥሎ ማር የሚቆርጥ ሰው ያሳያል። መድኃኒትነቱም የዘገየ አይመስልም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተጻፈውና የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው የግብፃውያን የሕክምና ጽሑፍ፣ ቁስል በመጀመሪያው ቀን በትኩስ ሥጋ፣ ከዚያ በኋላ እስኪድን ድረስ በየቀኑ በቅባት፣ በማርና ከዕፀዋት በተገኘ ቃጫ እንዲታሰር ያዛል። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪደስ ደግሞ የአቲካን አገር ማር ከሌላው ለይቶ ያመሰግናል። በአገራችንም ከመሬት ሥር ጎጆዋን የምትሠራው፣ የማትናደፈው ጣዝማ የምትሰጠው ማር ከምግብነቱ ይልቅ ለመድኃኒትነቱ ተፈላጊ ነው። የጥንት ሰዎች ሁሉም ማር አንድ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ማር የማይበላሽበት ምክንያት በከፊል ቀላል ነው። ንቦች ከአበባ የቀሰሙትን ብዙ ውሃ ያለበት ጣፋጭ ፈሳሽ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉና ክንፋቸውን እያርገበገቡ ያደርቁታል። የበሰለ ማር ውስጥ የሚቀረው ውሃ ከመቶ 17 ወይም 18 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ 80 እጅ ገደማ የሚሆነው ስኳር ነው። እንዲህ ያለው ድፍን ፈሳሽ በኦስሞሲስ ሕግ መሠረት ከባክቴሪያ ሕዋስ ውስጥ ውሃን መጥጦ ያወጣል። በዚያ ላይ ማር አሲድነት አለው፤ ፒኤች መጠኑ ብዙውን ጊዜ 4 አካባቢ ነው። ይህ ማብራሪያ ግን የሳኬትን ግኝት አይፈታም። ስኳሩ ሲቀጥን ኃይሉም መድከም ነበረበትና።

እ.ኤ.አ. በ1937 ዶልድ የተባለ ጀርመናዊ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በማር ውስጥ በሙቀትና በብርሃን የሚጠፋ ፀረ ባክቴሪያ ነገር መኖሩን ዐሳየ፤ ስሙንም “ኢንሂቢን” አለው። ምንነቱ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቆየ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካዊው የማር ኬሚስት ዋይትና ባልደረቦቹ ኢንሂቢን ሌላ ሳይሆን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መሆኑን አረጋገጡ። ሠራተኛ ንብ ከራሷ ዕጢ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ትጨምራለች። ይህ ኢንዛይም ግሉኮስን፣ ውሃንና ኦክስጅንን አገናኝቶ ግሉኮኒክ አሲድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያስገኛል። በበሰለ ማር ውስጥ ውሃ ስለሚያንስና አሲዱ ስለሚበዛ ኢንዛይሙ እንደ ተኛ ይቆያል። ማሩ በመጠኑ ሲበረዝ ይነቃል።

እንቆቅልሹ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ቁስል ላይ ማር ስንቀባ የሚበርዘው ከቁስሉ የሚመነጨው ፈሳሽ ነው። ፐርኦክሳይዱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ፣ በፋርማሲ ከሚሸጠው የ3 ከመቶ ፈሳሽ በሺህ እጥፍ ገደማ ባነሰ መጠን ይመረታል፤ ስለዚህ የገላን ሕዋስ ብዙም ሳይጎዳ ባክቴሪያን ይጨቁናል። ብርዙ እጅግ ሲቀጥን ግን ይህ ሁሉ ይዳከምና እርሾ ያሸንፋል፤ ጠጃችን የሚገኘውም እንዲያ ነው። ማርን በእሳት አሙቆ ቁስል ላይ ማድረግም ኢንዛይሙን ገድሎ ስኳሩን ብቻ መጠቀም ይሆናል።

ዲዮስቆሪደስ ማርን ከማር መለየቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጀርመናውያን ኬሚስቶች በኒውዚላንዱ የማኑካ ማር ውስጥ ዋናው ፀረ ባክቴሪያ ሜቲልግላዮክሳል የተባለ ውሑድ መሆኑን ዐሳይተዋል። ይህም ከአበባው የአበባ ፈሳሽ የሚነሣ እንጂ ከንቧ ኢንዛይም የሚገኝ አይደለም።

“ማር ባክቴሪያን ይገድላል” የሚለው እውነት አንድ አደገኛ ቀዳዳ አለው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ስፖር ይሠራል፤ ስፖሩ በማር ውስጥ አይሞትም፤ ተኝቶ ይቆያል። የአዋቂ ሰው አንጀት ብዙ ጊዜ አያበቅለውም። የጨቅላ ሕፃን አንጀት ግን ስፖሩን የሚከላከሉት ተሕዋስያን ገና ያልሰፈሩበት ስለሆነ፣ ስፖሩ በዚያ በቅሎ ጡንቻን የሚያሽመደምድና ትንፋሽን የሚያውክ መርዝ ያመነጫል። ይህ ሕመም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር ማላስ፣ በብርዝ መልክም ቢሆን፣ የተከለከለው ስለዚህ ነው፤ በቤት ውስጥ ማፍላትም ስፖሩን አይገድለውም። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ግን ማር ሳልን እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል።

በሆስፒታል ለቁስል የሚውለው ማርም ከገበያ የተገዛው ማር አይደለም። በጋማ ጨረር የጸዳ ነው፤ ጨረሩ ስፖሩን ሲገድል ኢንዛይሙን እንደ እሳት አያጠፋውም።